ወንዱማ ደህና ነው

በአገው ምድር፣ አዘና ገበያ ላይ ኮርማ የሚገዛ ሰው ለልጁ ሚስት ከሚያጭ ሰው ይበልጥ ይጠነቀቃል። መጀመሪያ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ይቆጥራል። ሻኛውን በመዳፉ ጨበጥ አድርጎ ይመዝናል። ቀንዱን፣ ግንባሩን፣ የጅራቱን ርዝመት ያያል። ከዚያ ወደ ኋላው ራቅ ብሎ «እስቲ አራምደው» ይላል። ኮርማው ይራመዳል፣ ሰውየው ምላሱን ያጮሃል። ቀለሙ ካማረ ብር ይጨመራል፣ ዓመሉ ከከፋ ብር ይቀነሳል፣ ደላላው መሐላ ይምላል፣ ሻጩ ደግሞ ከደላላው የባሰ ይምላል። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልፋል። ኮርማው የተፈለገበት ዋናው ጉዳይ ግን ከኋላ እግሮቹ መካከል እንደተንጠለጠለ፣ አንድም ሰው ዝቅ ብሎ ሳያየው፣ ከገበያው ወጥቶ ወደ አዲሱ ቤቱ ይነዳል።

ወሩ ሳይሞላ ነገር ይመጣል። የተጠቃችው ላም በ21ኛው ቀን ገደማ እንደገና ትጮሃለች፣ ሌላ ላም ላይ ትወጣለች፤ አልያዘላትም ማለት ነው። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዱ «ስብ ዘግቷታል» ይላል። ሌላው «ዓይን ነው፣ ያን ዕለት ወተቷን ያደነቀችው ሴትዮ አለች» ይላል። ሦስተኛው ጥፋቱን በጨው እጥረት፣ አራተኛው ባለፈው ክረምት በበላችው ሣር ላይ ይጥለዋል። ከመካከላቸው ደፋር ተገኝቶ «ኮርማውስ?» ያለ እንደሆነ ባለቤቱ በመገረም ይመለከተዋል፦ «ወንዱማ ደህና ነው። ትናንት እንኳ ሁለቱን ሲሰርር በዓይኔ አይቼዋለሁ!»

እዚህ ላይ ክርክሩ ይዘጋል። ኮርማው ሲወጣ ታይቷል፣ ወርዷል፣ አፍንጫውን ልሷል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? ችግሩ መውጣትና ዘር መስጠት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ቆለጥ ውስጥ ይሁን እንጂ ሠራተኞቹ ለየብቻ ናቸው፤ ፍላጎቱን የሚያመጣውን ሆርሞን የሚያዘጋጁት ሕዋሶች በአንድ በኩል፣ የወንዱን ዘር የሚያሳድጉት ጥቃቅን ቱቦዎች በሌላ በኩል። ፊተኞቹ ደህና ሆነው ኋለኞቹ ሥራ ቢያቆሙ ኮርማው እንደ ወትሮው ያገሳል፣ አፈር ይበትናል፣ ጎረቤት ኮርማ ላይ ይፎክራል፣ ላሟንም ይሰርራል፤ የሚሰጣት ነገር ግን የለም። አንድ የዘር ሕዋስ በኮርማ ቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ ለመውጣት 2 ወር ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሰኔ ላይ በትኩሳት ታሞ የተነሣ ኮርማ ሐምሌ ላይ ሸክላ የመሰለ ቆዳ ይዞ ሲፈነጭ የሰኔው በሽታ ጦሱን ገና እያወጣ ሊሆን ይችላል።

አንዲት ላም ብትመክን የሚቀረው የአንዲት ላም ጥጃ ነው። አንድ ኮርማ ቢመክን የመንደሩ ጥጃ ሁሉ ይቀራል። ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ፍርዱ ሁልጊዜ የሚወድቀው በላሟ ላይ ነው። አንደኛዋ «መካን ናት» ተብላ ለሥጋ ትሸጣለች። ሁለተኛዋም ትከተላለች። ላሞቹን በየተራ ሸጦ ኮርማውን ያስቀረ ሰው አይቻለሁ። በቀረው ኮርማ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ስጠይቀው፣ «ሌላ ላም እገዛለታለሁ» አለኝ።

ይህ አሠራር ከበረት ወደ ቤት ሲገባ መልኩን እንኳ አይለውጥም። ሙሽሪት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ልጅ የለም። አማት ወር ትቆጥራለች። ሙሽሪት ጠበል ትወሰዳለች፣ ሥር ማሽ ዘንድ ትወሰዳለች፣ ዳንግላ ክሊኒክ ትወሰዳለች፣ ከዚያም ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ በአልትራሳውንድ ትታያለች። ባልም አብሮ ይሄዳል፤ እውነቱን ለመናገር አጃቢነቱ አይታማም። ነጠላዋን ተሸክሞ፣ ካርዷን ይዞ፣ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጦ ይጠብቃል። ሐኪሙ ብቅ ብሎ «አንተስ ተመርምረሃል?» ሲለው ወደ ኋላው ዞር ይላል፣ የተጠየቀው ሌላ ሰው መስሎት።

«እሱማ ደህና ነው» ይላሉ ቤተ ዘመዶቹ። «ጎህ ሲቀድ የጨበጠውን ሞፈር እስከ ቀትር አይለቅም።» መልካም። ግን የማረስ ጉልበት የዘር ምስክር ከሆነ፣ ከፊቱ ቀንበር ተሸክመው እኩል ሲያርሱ የዋሉት ሁለቱ በሬዎችስ? ሁለቱም ገና በወይፈንነታቸው የተቀጠቀጡ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በዕድሜው በአንድ ወቅት የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ልጅ አጥተው ሐኪም ዘንድ ከሚሄዱት ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ለብቻው ወይም ከሴቷ ጋር ተዳምሮ። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ብነግራቸው «የፈረንጅ ወንድ ነዋ!» ብለው አሳረፉኝ።

ወንዱ እንደምንም እሺ ቢል ደግሞ ሌላ ድርድር ይጀመራል። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወዳጄ እንዳጫወተኝ ጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። «ከደሜ አይታይም?» አይታይም። «ከሽንቴስ?» ከሽንትም አይታይም። «ራጅ ብነሣስ?» አይሆንም። በመጨረሻ «ታዲያ ሚስቴ ታምጣው!» የሚሰጠው ዕቃ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ብልቃጥ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከሚስቱ ተለይቶ ይቆያል፣ ናሙናውንም በገላው ሙቀት ጠብቆ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ይኖርበታል። ከአዘና የሄደ ሰው ቤቱ ሆኖ አዘጋጅቶ በሚኒባስ ልላከው ቢል ዘሩ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ባለች ጠባብ ክፍል ማድረግ አለበት። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቅ ሌላ ወንድ አለ። ሁለቱ ዓይን ለዓይን ከተያዩ «የጉበት ምርመራ ነው» ይባባላሉ።

ሰው ያፈረበትን ይህን ጉዳይ በአደባባይ እንዲሠሩለት እንስሳትን ከወከለ ግን ዘመን ቆጥሯል። ወንዱ ዘር አለው ወይ ብሎ ለማየት መጀመሪያ ዘሩን ማግኘት ያስፈልጋል፤ በማግኘቱ ዘዴ ላይ የፈሰሰውም ብልሃት የሚገርም ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ስፓላንዛኒ ለወንድ እንቁራሪቶች ከሰም ከተነከረ ጨርቅ ሱሪ ሰፍቶ አለበሳቸው። ሱሪ የለበሱት እንቁራሪቶች እንደ ደንቡ ሴቶቹን አቀፉ፣ እንቁላሉ ግን ሳይፈለፈል ቀረ። ሱሪው ውስጥ የቀረውን ጠብታ ወስዶ እንቁላሉን ቢነካካው ተፈለፈለ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1780 ከውሻ የወሰደውን ዘር በመርፌ መሳይ ዕቃ ለሴት ውሻ ሰጣት፤ በ62ኛው ቀን ሦስት ቡችላ ወለደች። ስፓላንዛኒ ቄስ ነበር። ለእንቁራሪት ሱሪ መስፋት ለክህነቱ ነውር ሳይሆንበት እኛ ዘንድ ብልቃጥ መያዝ ነውር ሆኖ ተገኘ።

ከእሱ በፊት አንድ የዓረብ ባላባት የጠላቱን ድንጉላ ፈረስ ዘር በሌሊት በሱፍ ጨርቅ ሰርቆ ለራሱ ባዝራ እንደሰጣት የሚተረት ነገር አለ። እውነትነቱን የሚያረጋግጥ የለም። ይህን ተረት ግን ለአገው ፈረሰኛ ብታወሩለት የሚያሳስበው እውነትነቱ አይደለም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በጌጥ ያበደ ፈረስ ይሰግራል፤ ግርማው፣ አካሄዱ፣ የአንገቱ አቀማመጥ፣ ሁሉም በቃል ይታወቃል። ተረቱን ያወራሁለት ፈረሰኛ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና «ፈረሱን ሌሊት ማን ይጠብቀው ነበር?» አለ።

በቅሎስ? በቅሎ በዚህ አገር ሳትወልድ የተከበረች ብቸኛዋ ሴት ናት። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አለው፤ እሷ በመካከል 63 ይዛ ቀረች፤ 63 ደግሞ ለሁለት እኩል አይከፈልም። ማንም ጠበል አልወሰዳትም፣ ማንም ዓይን በልቷታል አላለም። ወንዱ በቅሎ እንኳ ለዓመሉ ሲባል ይኮላሻል፤ ዘር እንደሌለው እየታወቀ። እንግዲህ ምክንያቱን የምናውቀው ነገር ሐሜት እንደማያስፈልገው ማሳያ ፈልጎ የሚዞር ካለ በቅሎዋ ደጅ ላይ ታስራለች።

ወደ ኮርማው እንመለስ፤ አሁን የአዘናው ሳይሆን የቃሊቲው። ላም በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል በአካባቢያችን የተጀመረው ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 አስመራ ላይ ሲሞክሩት ነው። ጦርነት አቋረጠው፤ እ.ኤ.አ. በ1952 እንደገና ተጀመረ፤ ወጪው አልቻል ብሎ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በስዊድኖች እርዳታ በአርሲ ጭላሎ አውራጃ ቀጠለ። አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው ብሔራዊ የማዳቀያ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስሙን ይለዋውጡታል፤ ሥራው ግን አንድ ነው፤ ሆልስታይንና ጀርሲ፣ ክልሱና የአገር ዝርያው ኮርማ እዚያ ይቀለባል፣ ይታጠባል፣ ይመረመራል፣ ዘሩ ይሰበሰባል።

አሰባሰቡን ቀረብ ብሎ ማየት ደስ ይላል። ዕቃው ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ላስቲክ የሆነ ቱቦ ነው። በሁለቱ መካከል ሙቅ ውኃ ይሞላል፤ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ከዚያ ቢቀዘቅዝ ኮርማው ይኮራል፣ ቢግል ደግሞ ይቆጣና ሌላ ቀን ዕቃውን ሲያይ ይሸሻል። ከፊቱ የሚቆመው ላም ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ የታሰረ ሌላ ኮርማ ወይም የተኮላሸ በሬ ነው። በሬው ይህን ግዳጅ ለመወጣት ምን ብሎ ራሱን እንደሚያጽናና አይታወቅም፤ ፊቱ ግን ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። ኮርማው ሊወጣ ሲል ባለሙያው ጎትቶ ይመልሰዋል። ደግሞ ሊወጣ ሲል ይመልሰዋል። ይህ ለቀልድ የሚደረግ አይደለም፤ እንዲህ የተመለሰ ኮርማ የሚሰጠው ዘር ይበዛል። በመጨረሻ ሲለቀቅ በጎኑ የቆመው ሰው ብልቱን ሳይነካ ሽፋኑን ብቻ ይዞ ወደ ቱቦው ይመራዋል፤ ኮርማው አንድ ጊዜ ተስፈንጥሮ ይጨርሳል። ከዓይን ጥቅሻ አይረዝምም። ያ ሁሉ ግሳት፣ ያ ሁሉ አፈር መበተን ለዚህች ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው የኛን ወንዶች የሚያስደነግጠው። ጠብታው ማይክሮስኮፕ ስር ይገባል። ስንት ሚሊዮን ነው? ስንቱ ይዋኛል? ስንቱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ስንቱ ባለበት ይሽከረከራል? ጭንቅላቱ ደህና ነው? ጅራቱ ተቆልምሟል? ከመቶው 70 ያህሉ ካልተንቀሳቀሰ በተለምዶ ይደፋል፤ የኮርማው የዘር ሐረግ ከየትም ቢመዘዝ ይደፋል። ያለፈው በእንቁላል አስኳልና በግሊሰሪን ይበጠበጣል (ጾም የማይመለከተው ሥራ ነው)፣ ሩብ ሚሊ ሊትር በምትይዝ ቀጭን ቀሰም ውስጥ ይሞላል፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ ይነከራል። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ እንደገና ይፈተናል። በዚህ አገር ይህን ያህል ተፈትኖ ወንድነቱ የተረጋገጠለት ፍጡር ሌላ የለም።

በግና ፍየል ላይ ሌላ ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 አውስትራሊያዊው ገን ያስተዋወቀው የኤሌክትሪክ ዘዴ። ዘንግ በፊንጢጣ ይገባል፣ ቀላል ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ በጉ ሳይወድ ይሰጣል። ፈሳሹ ይበዛል፣ ዘሩ ግን ይቀጥናል፤ አንዳንዴም ሽንት ይቀላቀልበታል። ሥቃዩ ስላለ ሳይደነዝዙ ማድረጉን የሚከለክሉ አገሮች አሉ። የኛ ዋሸራ አውራ በግ ይህን ቢሰማ የዳንግላን ገበያ እንደ ጽድቅ ይቆጥረው ነበር። የሚገርመው ግን ይኸው ዘዴ ዛሬ አከርካሪያቸው ተጎድቶ በራሳቸው መርጨት ላቃታቸው ወንዶች መዋሉ ነው። በጉ ቀድሞ ቀመሰላቸው።

ከሁሉም የከፋው ዕጣ የደረሰው ለላቦራቶሪው አይጥ ነው። የወንድ መካንነት ሲጠና ወንድ አይጥ ሆን ተብሎ እንዲመክን ይደረጋል። አንዱ ቆለጡ በ43 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ይነከራል። ሌላው ዘር የሚያጠፋ መድኃኒት ይወጋል። ሦስተኛው ቱቦው ይታሰራል። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፤ ዘሩ በየትኛው መንገድ ቢወጣ ይሻላል? አንደኛው መንገድ ከቆለጡ ጀርባ የተጠቀለለችውን የዘር ማቆያ ቱቦ ቆርጦ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ መክተፍ ነው፤ ዘሩ ራሱ እየዋኘ ይወጣል፣ ደምና ቁርጥራጭ ሥጋ ግን አብሮ ይወጣል። ሁለተኛው በቱቦዋ ጫፍ ፈሳሽ አስገብቶ ወደ ኋላ ማጠብ ነው፤ እጅ ይፈልጋል፣ ውጤቱ ግን የጠራ ነው። ሦስተኛው በመርፌ መምጠጥ ነው፤ አይጡን ሳይገድሉ የሚቻል፣ ግን ጥቂት የሚገኝበት። አይጡ ያለ ጉራ፣ ያለ «ወንዱማ ደህና ነው»፣ የሚያውቀውን ሁሉ ለሳይንስ ሰጥቶ ይሞታል።

የእነዚህ ፍጡራን ውለታ ሆስፒታል ውስጥ ይገኛል። ብልቃጡ ውስጥ አንድም ዘር ያልታየበት ወንድ ሁለት ዓይነት ነው። የአንዱ ቆለጥ ዘር እየሠራ መውጫው ተዘግቷል። የሌላው ቆለጥ ራሱ ሥራ አቁሟል፣ ወይም እዚህና እዚያ ብቻ ጥቂት ያበቅላል። ለፊተኛው ያችን፣ በሰው 6 ሜትር የምትረዝም፣ የተጠቀለለች ቱቦ በመርፌ መውጋት ይበቃል። ለኋለኛው ቆለጡን ከፍቶ መፈለግ ግድ ነው፤ የኒው ዮርኩ ሐኪም ሽሌግል እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው በዘፈቀደ ቆርጦ ከመውሰድ በማይክሮስኮፕ እያዩ መፈለግ የተሻለ ያስገኛል። ከተገኘ አንዲት ዘር ትበቃለች፤ በመርፌ ተነሥታ እንቁላሉ ውስጥ ትገባለች። ይህ በሐምስተር እ.ኤ.አ. በ1976 ተሞከረ፣ በሰው ብራሰልስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1992 ልጅ ተወለደበት። በአገራችን አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት ይህን በመንግሥት ሆስፒታል የሚፈልግ ሰው ብር ካለው ባሕር ማዶ፣ ከሌለው ጠበል ነበር መድረሻው። ጠበሉን አልነቅፍም፤ እዚያም ቢሆን ተሰልፈው የሚታዩት ሴቶቹ መሆናቸውን ብቻ ልብ እላለሁ።

ትዝብቴ የሚበረታው ግን ያ የተፈተነ ቀሰም ከቃሊቲ ወጥቶ አዘና ሲደርስ ነው። ላሟ ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ከታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ከታየች በማግሥቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። የአገራችን ላም ደግሞ ዓይን አፋር ናት፤ ብዙ ጊዜ በሌሊት ፈልጋ፣ ማንም ሳያያት፣ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሣር ትግጣለች። ባለቤቱ ቅዳሜ ማታ ያያትና ለአዳቃዩ ይደውላል። አዳቃዩ እሑድ ለቅሶ አለበት። ሰኞ ስብሰባ ይጠራል። ማክሰኞ ሞተር ሳይክሉ ቤንዚን የለውም፤ ቤንዚን የተገኘ ቀን ናይትሮጂኑ አልቋል። ረቡዕ ቀሰሙ ደርሶ ላሟ ውስጥ ሲገባ ላሟ የፈለገችበትን ምክንያት እንኳ ረስታዋለች። በ21ኛው ቀን እንደገና ትጮሃለች።

አሁን ፍርዱን ስሙ። «ይኼ የፈረንጅ ኮርማ ደካማ ነው፤ በቀሰም የመጣ ወንድ ምን ሊረባ!» ይባላል። በአገራችን ታሪክ በመካንነት የተጠረጠረው የመጀመሪያው ወንድ ይህ ነው። ያውም በማይክሮስኮፕ ታይቶ፣ ተቆጥሮ፣ ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ እንደገና ተቆጥሮ ያለፈው! የተጠረጠረውም ስለሌለ ነው፤ እዚያው ቆሞ ቢያገሳ ኖሮ ማን ይነካው ነበር? ላሟ በዚያው ሳምንት ለመንደሩ ኮርማ ትሰጣለች። የመንደሩ ኮርማ ምርመራ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ውርጃ የሚያመጣውን በሽታ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲያዞር ቢከርምም ጠያቂ የለውም፤ ግን ሻኛ አለው።

ባለፈው በጋ ከአዘና ወጣ ብላ ባለች መንደር አንድ ወጣት የእንስሳት ጤና ባለሙያ የልብስ ሰፊ ሜትር የመሰለ ነገር ይዞ የአንድ አዛውንት በረት ውስጥ ገባ። እኔም አብሬ ነበርኩ። አዛውንቱ ሜትሩን አይተው «ምን፣ ሱሪ ልትሰፋለት ነው?» አሉ። የስፓላንዛኒን ነገር ያኔ ባወራላቸው ኖሮ ጨዋታው በዚያው ያልቅ ነበር። ልጁ ሳይስቅ ከኮርማው ኋላ በርከክ ብሎ ሁለቱን ቆለጦች በእጁ ወደ ታች ገፋ፣ ሜትሩን በወፍራሙ ቦታ ላይ አዞረ።

«አያ፣ ይኼን ያህል የፈረንጅ ደም ያለው የ2 ዓመት ኮርማ ዙሪያው ከ34 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። የእርስዎ በጣም ያንሳል። አንደኛው ደግሞ ጠጥሯል፤ ይዳስሱት።»

«እኔ? ሰው እያየኝ?»

«ላሞቹ ስንተኛ ጊዜ መለሱ?»

«ላሞቹማ በሽተኛ ናቸው። ወንዱማ...» ብለው ጀመሩና ሜትሩን አይተው ተዉት። እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ዙሪያውን ገልመጥ ብለው፣ ዝቅ አሉና ዳሰሱ። ሲነሡ ፊታቸው ተለዋውጧል። በአጥሩ ጥግ ትልቁ ልጃቸው ቆሟል፤ ካገባ አራተኛ ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ በዚያ ሳምንት ጠበል ላይ ነበረች።

«ልጄ፣ ለሰውስ እንዲህ ያለ ሜትር አላቸው?»

«ለሰው ሜትር አይደለም አያ። አንድ የስዊዘርላንድ ሐኪም የሠራው ነው፤ በክር የተሰኩ 12 ፍሬዎች ናቸው፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄዱ። ሐኪሙ በአንድ እጁ ሰውየውን ይዳስሳል፣ በሌላው እጁ ፍሬዎቹን፤ የሚመስለውን ይይዛል።»

«በክር የተሰኩ?»

«አዎ።»

«እንደ መቁጠሪያ?»

«እንደ መቁጠሪያ።»

አዛውንቱ ለአፍታ አሰቡ። «ታዲያ ምን ሆነው ነው እስካሁን ለጠበሉ አባት ያልሰጧቸው? መቁጠሪያ ከሆነ እኮ የሚያፍር የለም! አንተ...» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጃቸው ኮርማውን ፈትቶ፣ ገና በጠዋቱ፣ ወደ ወንዝ እየነዳው ነበር።